በቀይ ቀለም የተከለሉ ሰፈሮች

ሰውን በዘሩ መለየት በክፉዎች እጅ ብቻ የሚፈጸም ሥራ ይመስለናል። በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት የነበረውን የመኖሪያ ቤት ታሪክ ስንመረምር ግን ነገሩን እንዲህ ሆኖ አናገኘውም።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ቤታቸው በዕዳ ሊወሰድባቸው የተቃረቡትን ዜጎች የሚረዳ የመንግሥት የብድር ድርጅት ተቋቋመ። ድርጅቱም ከ200 በላይ ለሚሆኑ ከተሞች ካርታ አዘጋጅቶ ሰፈሮችን በ4 ደረጃ ከፈለ፤ ጥቁሮች የሚኖሩባቸውም ከሞላ ጎደል ሁሉ በመጨረሻው ደረጃ ተመድበው በቀይ ቀለም ተለዩ። በ1934 የተቋቋመው የፌዴራል ቤቶች አስተዳደርም ለቤት ብድር ዋስትና ሲሰጥ፥ በመመሪያው የዘሮችን መቀላቀል እንደ አደጋ ቈጠረው።

ከዚህም በኋላ ሥራው የብዙ ሰው ሆነ። ገማቹ የቤቱን ዋጋ ዝቅ አደረገ፤ የባንኩ ጸሐፊ መመሪያውን ጠቅሶ ማመልከቻውን መለሰ፤ ደላላው ቤቱን ሳያሳይ ቀረ፤ ጎረቤቱም ለጥቁር ላለመሸጥ በውል ፈረመ። እያንዳንዱ የተለመደውን ፈጸመ እንጂ በደል የሠራ አልመሰለውም።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ወሰነ። በ1968ም ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ፥ በቤት ሽያጭና ኪራይ ዘር መለየትን የሚከለክል ሕግ ተፈረመ። ይሁን እንጂ ቤት ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነውና፥ አባት እንዳይገዛ የተከለከለውን ልጅ ሊወርሰው አልቻለም፤ በነጭና በጥቁር ቤተሰቦች ሀብት መካከል ያለው ልዩነት ዛሬም ሰፊ ነው።

ስለዚህ እኛም በየመሥሪያ ቤቱ ብዕር የያዝን ሰዎች «መመሪያው ነው» ብለን ከመፈረማችን አስቀድሞ፥ መመሪያው ማንን ከደጅ እንደሚያስቀር ልንጠይቅ ይገባናል።