«ወርቅ ተገኘ» ሲባል፦ የማዕድን ፍለጋ ኩባንያ አክሲዮን ከመግዛት በፊት

ሁሩታ ገበያ ስንዴ የሚገዛ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ ዋጋ አይቆርጥም። እጁን ወደ ውስጥ ሰዶ ከመሃል ይዘግናል፣ ያሸታል፣ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ይሰብራል። ከላይ ያለው ቢያምርም ከስር ምን እንዳለ አይታወቅማ!

የማዕድን ፍለጋ ዜና አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳየን የጆንያውን አፍ ነው። «እዚህ ቦታ ወርቅ ተገኘ፣ አክሲዮኑ ሳይወደድ ግዙ» የሚል ስክሪንሾት ቴሌግራም ላይ ያያችሁ፣ ወይም ውጭ ካለ ዘመድ ጋር ተማክራችሁ ብር ልታስገቡ ያሰባችሁ ይቺን አንብባችሁ ወስኑ።

ጁኒየር የሚባሉት ኩባንያዎች አንድ ወይም ሁለት የፍለጋ ፈቃድ የያዙ፣ ገና የሚሸጥ ወርቅ የሌላቸው ትናንሾች ናቸው። ደሞዝ የሚከፍሉትም ሆነ ቁፋሮ የሚያስቆፍሩት በአብዛኛው አዲስ አክሲዮን እየሸጡ ነው። ስለዚህ ጥሩ ዜና ሲወጣ ገንዘብ ይመጣላቸዋል። ዜናው ውሸት ነው ማለት አይደለም፤ ግን ለምን ያማረው ፊት እንደሚቀድም ይገባችኋል።

ሁለት የአገራችንን ምሳሌ እንይ። ጋምቤላ ክልል ዲማ አካባቢ ሰገሌ የሚባል የወርቅ ቦታ አለ። የያዘው አኮቦ ሚኒራልስ አክሲዮኑ ኦስሎ ይሸጣል። ያሳወቀው አማካይ በአንድ ቶን ድንጋይ 22.7 ግራም ወርቅ ነው፤ ይሄ በዓለም ደረጃ በጣም ከፍተኛ ነው። ምዕራብ ወለጋ ያለው ቱሉ ካፒ ደግሞ ሎንደን ላይ የሚሸጠው የኬፊ ኩባንያ ሲሆን በቶን 2.1 ግራም አካባቢ ነው። በግራሙ ብቻ ካያችሁት ሰገሌ አስር እጥፍ ይበልጣል። መጠኑስ? ሰገሌ ወደ 68,000 አውንስ፣ ቱሉ ካፒ ወደ 1 ሚሊዮን አውንስ። አንድ አውንስ 31 ግራም ገደማ ነው። ርዕሱ ላይ የሚጻፈው ግን የትኛው ቁጥር እንደሆነ አስቡት።

ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። እነዚህ ሁለት መጠኖች ራሳቸው አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የሰገሌው «ሪሶርስ» ነው፣ የቱሉ ካፒው «ሪዘርቭ»። ሪሶርስ ማለት ባለሙያው ከጉድጓዶቹ ተነስቶ መሬት ውስጥ አለ ብሎ ያሰላው ነው። እሱም በእርግጠኝነት ደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ዝቅተኛው ደረጃ ከጥቂት ጉድጓዶች የመጣ ግምት ነው። ሪዘርቭ የሚባለው የማውጫው ወጪ፣ ዋጋውና ዕቅዱ ተሰልቶ በትርፍ ሊወጣ ይችላል የተባለው ክፍል ብቻ ነው። የእኛ ሚዲያ ሁለቱንም «ክምችት» ብሎ ይጠራቸዋል። ስለዚህ «ይህን ያህል ክምችት ተገኘ» የሚል የአማርኛ ዜና ስታዩ የኩባንያውን መግለጫ ፈልጋችሁ የትኛው እንደሆነ እዩ።

ከሪሶርስ በፊት የሚመጣው ዜና ደግሞ የአንድ ጉድጓድ ውጤት ነው። «40 ሜትር፣ በቶን 1.6 ግራም» ቢባል ጥሩ ይመስላል። ግን ከዚያ ውስጥ 2 ሜትሯ ብቻ 30 ግራም ይዛ፣ ቀሪው 38 ሜትር 0.1 ግራም ብቻ ቢሆንም አማካዩ ያው 1.6 ይመጣል። በሞባይላችሁ ካልኩሌተር ሞክሩት። ዝርዝር ሰንጠረዡን ሳያወጣ አማካዩን ብቻ የሚያወራ ኩባንያ እኔን አያሳምነኝም። ባዶ የወጡት ጉድጓዶች ስንት ናቸው የሚለውም መጠየቅ አለበት።

ወርቁ በእርግጥ ኖሮም ባለአክሲዮኑ ላያተርፍ ይችላል። ቱሉ ካፒን ቀድሞ የያዘው ኒዮታ ሚኒራልስ ነበር፤ ማምረት ሳይጀምር እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ 75 በመቶውን ለኬፊ ሸጠ። ኬፊ የማዕድን ማውጫ ፈቃዱን ያገኘው በ2015 ነው፤ ከዚያ ለማዕድኑ ግንባታ የሚሆነውን ዋና ብድር እስኪያሟላ አስር ዓመት ገደማ ሄደ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ኩባንያው የሚኖረው አዲስ አክሲዮን እያወጣ ነው። ቀላል ሂሳብ ነው፦ ከ100 ሚሊዮን አክሲዮን ላይ ገዝታችሁ፣ ኩባንያው ሌላ 100 ሚሊዮን ቢጨምር፣ እናንተ አዲሱን ካልገዛችሁ ድርሻችሁ በግማሽ ይቀንሳል፤ ወርቁ ግን አንድ ግራም አልጨመረም። አኮቦም ማምረት እስኪጀምር ደጋግሞ ገንዘብ ማሰባሰብ ነበረበት። ስለዚህ ከ«ስንት ግራም?» ጎን «ካዝናው ውስጥ ያለው ገንዘብ ለስንት ወር ይበቃዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ የሩብ ዓመት ወይም የግማሽ ዓመት ሪፖርቱ ላይ አለ።

የአፋሩ ፖታሽ ሌላ ነው። ቶሮንቶ ላይ ይሸጥ የነበረውን አላና ፖታሽን የእስራኤሉ አይሲኤል በ2015 በአንድ አክሲዮን 50 የካናዳ ሳንቲም ገዛው። በዓመቱ ግን በግብርና በመሠረተ ልማት ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ ፕሮጀክቱን ትቶ ወጣ። ፖታሹ ዛሬም ዳናኪል ውስጥ ነው፤ መንገድ፣ ውሃና ስምምነት ግን የመሰርሰሪያ ውጤት ላይ አይታዩም።

ፍጹም ውሸትስ ይኖራል? ኖሯል። ብሪ-ኤክስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ትልቅ ወርቅ አገኘሁ ብሎ ዋጋው በቢሊዮኖች ዶላር ደርሶ ነበር፤ በ1997 ናሙናው ላይ ከውጭ የመጣ ወርቅ እንደተጨመረበት ታወቀና አክሲዮኑ ወረቀት ብቻ ሆነ። ካናዳ ከዚያ በኋላ ነው ቴክኒካዊ መረጃ በስሙ ኃላፊነት የሚወስድ ብቁ ባለሙያ ሳይኖር እንዳይወጣ የደነገገችው። መግለጫው ስር ያ ስም ከሌለ እዚያው አቁሙ።

አንዳንዱ «የኢትዮ ቴሌኮምን በቴሌብር ገዝቼ የለ?» ይላል። ያኛው አንዱ በ300 ብር፣ ትንሹ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር፤ ግን በሚሊዮኖች የሚቆጠር ደንበኛና ገቢ ያለው ድርጅት ነው። የፍለጋ ኩባንያ ከዚያ ጋር አይነጻጸርም።

አገር ውስጥ አክሲዮን ለሕዝብ የሚሸጥ ፕሮስፔክተስ የሚባለውን መግለጫ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማስመዝገብ አለበት፤ አሻሻጩም ፈቃድ ያስፈልገዋል። «የወርቅ ማውጫ ድርሻ ልግዛልህ፣ ብሩን በእኔ ስልክ ላክ» የሚላችሁ ሰው ካለ ፈቃዱን ጠይቁት፤ ካሳያችሁም ስሙ ባለሥልጣኑ ዘንድ መኖሩን ራሳችሁ አጣሩ።