ጠያቂው በሌለበት የተሰጠ ሥልጣን፦ ከሐሰተኛው ያዕቆብ እስከ ፖልኪት



ከወረታ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የርብን ድልድይ ተሻግሮ፣ አዲስ ዘመንን አልፎ፣ እንፍራዝ ላይ የጉዛራን ግንብ ያያል። ግንቡን ያሠሩት ዐፄ ሠርፀ ድንግል እንደ ሆኑ ይነገራል። የዛሬው ንግግሬ የልጃቸውን የዐፄ ያዕቆብን ስም ስለ ወሰደ ሰውና ከአራት መቶ ዓመት በኋላ ስለ ተገኘ የኮምፒውተር ስሕተት ነው።

ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1607 ጎጃም ውስጥ ጎል በተባለው ስፍራ ከሱስንዮስ ጋር ተዋግተው ወደቁ፤ ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም አብረው ሞቱ። የንጉሡ አስከሬን ግን አልተገኘም። ብዙም ሳይቆይ በትግራይ አንድ ሰው «ያዕቆብ እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ። ጥርሴና መንጋጋዬ በጦርነቱ ቆስሏል እያለ ፊቱን በከፊል ይሸፍን ነበር፤ ተከታይም አላጣም። ሱስንዮስ በላይኛው ርብ ከመረዋ ኦሮሞ ጦር ጋር ተጠምደው ሳለ፣ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ሐሰተኛውን ሦስት ጊዜ ድል ቢያደርጉትም አመለጣቸው። በመጨረሻ ተገደለ። ራሱ ለንጉሡ ተልኮ መሸፈኛው ሲገለጥ ጠባሳ አልተገኘበትም።

እንግዲህ ወደ ሊኑክስ እንሻገር። በዚህ ሥርዓት የሁሉ አዛዥ የሆነው ተጠቃሚ መለያ ቁጥር 0 ነው። ፖልኪት የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ እንደ በረኛ ነው፤ ተራ ተጠቃሚ የአስተዳዳሪ ሥራ ሲጠይቅ «ጠያቂው ማን ነው?» ብሎ የመልእክት አመላላሹን ይጠይቃል። የጊትሀብ ተመራማሪ ኬቨን ባክሃውስ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021 ይፋ ያደረገው ጉድለት ይህ ነው፦ ጠያቂው ፕሮግራም ጥያቄውን ልኮ ወዲያው ቢገደል፣ አመላላሹ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ሲል ይመልሳል፤ ፖልኪት ግን ስሕተቱን እንደ እምቢታ አልቆጠረውም። ያልተሞላው የመለያ ስፍራ 0 ሆኖ ቀረ። የሞተው ጠያቂ ነገሠ ማለት ነው!

ንጽጽሩን አላጋንነውም። ሐሰተኛው ያዕቆብ ዋሽቷል፤ እዚህ ግን የዋሸ የለም፣ የጠፋ እንጂ። ስለዚህ የኋለኛው ይበልጥ ያስፈራኛል። ብዙ ተማሪዎች በሚጋሩት የላቦራቶሪ ኮምፒውተር ላይ ተራ መለያ ብቻ ያለው ሰው፣ በጥቂት የትእዛዝ መስመሮች የአስተዳዳሪ መብት ያለው አዲስ ተጠቃሚ መፍጠር ይችል ነበር። ጉድለቱ ለሰባት ዓመታት ያህል ሳይታይ ቆይቷል። እርማቱ አጭር ነበር፦ መልሱ ስሕተት ከሆነ ከልክል።

በጥር 2022 ኳሊስ የተባለው ኩባንያ በዚያው ፖልኪት ውስጥ፣ ከ2009 ጀምሮ የነበረ ሌላ ቀዳዳ አስታወቀ።