ምጽዋ ላይ የቀረው ቶርኖ

ስለ ዓፄ ቴዎድሮስ በተነሣ ቁጥር ሁላችንም ቀድመን የምንጠራው ሴባስቶፖልን ነው። በ1859 ዓ.ም. ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቀልጦ የተሠራው ይህ መድፍ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል። ከአምስት ወር በላይ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ከላስታ በስተደቡብ ባሉት በዋድላና በደላንታ አልፎ መቅደላ ወጣ። ምስሉም አዲስ አበባ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ቆሟል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናነሣ የፈለግነው ትልቁን መድፍ አይደለም። ንጉሡ ጠይቀው ያላገኙትን አንድ መሣሪያ ነው፤ ቶርኖን።

በ1858 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ንጉሡ ማርቲን ፍላድ የሚባለውን ጀርመናዊ ሚሲዮናዊ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ከጠየቋቸው ባለሙያዎች መካከል ጠመንጃ ሠሪ፣ ብረት አቅላጭና ጀልባ ሠሪ ይገኙበታል። ከዕቃው መካከል ደግሞ ለማቅለጫ ቤት የሚሆን ትንሽ የእንፋሎት ሞተርና አንድ ቶርኖ ነበሩበት።

ለምን ቶርኖ? መድፍ እኮ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ነው፤ ላዩ ትንሽ ቢሻክር፣ ጎኑ ትንሽ ቢዛነፍ ያው መድፍ ነው። ሞተር ግን እንዲህ አይምርም። ጠረጴዛ ላይ የምትቆም፣ የልጅ መጫወቻ የምታክል የእንፋሎት ሞተር እንኳ ብንወስድ፣ ፒስቶኗ በሲሊንደሯ ውስጥ ሳይላላም ሳይጠብቅም መመላለስ አለበት። በመካከላቸው ያለው ክፍተት በመቶኛ ሚሊሜትር የሚቆጠር፣ ከጸጉር የቀጠነ ነው። ከላላ እንፋሎቱ ያመልጣል፤ ከጠበቀ ይነክሳል። ይህን ልክ በሞረድ ብቻ ማግኘት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ቶርኖ ግን ብረቱን አጥብቆ ይዞ ያሽከረክረዋል፤ ስለቱም ከመቀመጫው ሳይነቃነቅ ቀስ እያለ ይልጠዋል። ክብ የተባለው በእርግጥ ክብ ሆኖ ይወጣል።

እንግሊዞቹም ራሳቸው ይህን የተማሩት በመከራ ነው። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1769 ለሞተሩ የፈጠራ መብት ሲያገኝ ሐሳቡ የተሟላ ነበር፤ የጎደለው ክብ ሲሊንደር ነበር። በመዶሻ የተቀጠቀጠው ሲሊንደር እየተዛነፈ፣ ክፍተቱን በጨርቅና በቡሽ ቢወትፈው እንፋሎቱ ማፏጨቱን አልተወም። መፍትሔው የመጣው ታዲያ ከመድፍ ሥራ ነው! ጆን ዊልኪንሰን በ1774 የመድፍን ሆድ አስተካክሎ የሚቦረቡር መሣሪያ አወጣ፤ በዓመቱም የዋትን ሲሊንደር ቦረቦረለት። ሞተሩም ሠራ። እንግዲህ መድፍና ሞተር የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ እናትየዋም ብረትን በልክ የምትቆርጠው መሣሪያ ናት። «ቴዎድሮስ የፈለጉት መድፍ ብቻ ነው» የሚለን ሰው የጠየቁትን ዕቃ ደግሞ ይመልከት።

ዕቃውስ የት ደረሰ? ባለሙያዎቹና መሣሪያው ምጽዋ ድረስ መጥተዋል። እንግሊዞች መጀመሪያ እስረኞቻችን ይፈቱ አሉ፤ ንጉሡ መጀመሪያ ባለሙያዎቹ ይምጡልኝ አሉ። እ.ኤ.አ. በ1867 ሰዎቹ ወደ መጡበት ተመለሱ። ንጉሡን ስለምንወድ ይህን መሸፋፈን የለብንም፤ ሰውን በሰንሰለት ይዞ ጥበብን መጠየቅ አላዋጣም። የእንፋሎት ሞተሩ ግን ብዙ ሳይቆይ መጣ፣ በሌላ መልክ። የናፒየር ጦር ከዙላ ወደብ እስከ ተራራው ግርጌ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ዘርግቶ ስንቁን በባቡር አጓጓዘ። የላስታን ደጋ አቋርጦ ዋድላ ሲደርስም ንጉሡ ለመድፋቸው ያስጠረጉትን መንገድ አግኝቶ በዚያው ተጓዘ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ነገሩ አበቃ።

ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ ምጽዋ ላይ ጥለን እንለፍ ወይ? ይኸው ጦር ባለፈበት በላስታ፣ ከላሊበላ በስተሰሜን ብልባላ አለች። ብልባላ ቂርቆስና ብልባላ ጊዮርጊስ ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ይህ ሥራ ከቶርኖ ሥራ ጋር አንድ ሕግ ይጋራል፦ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም፤ ከልክ በላይ የተቆረጠው አይመለስም። ስለዚህ ጠራቢው ከመምታቱ በፊት መለካት ነበረበት። ልክ የሚያውቅ እጅ አገራችን ውስጥ ከጥንትም ነበረ ማለት ነው። ታዲያ መሮውን የሳለው፣ ማረሻውን የቀጠቀጠው፣ ከወናፍና ከጉጠት ጋር ዕድሜውን የጨረሰው ባለ እጅ ምን አተረፈ? «ጠይብ»፣ «ቡዳ» የሚል ስም። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ በአዋጅ መከልከል ግድ ሆኖባቸው ነበር። አዋጅ የሚያስፈልገው ደግሞ ነገሩ ሥር ሲሰድ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቶርኖ ምጽዋን አልፎ ገብቷል፤ በየከተማው ቶርኖ ቤት አለ። እኛ ግን በቅባት የጠቆረ እጅ ስናይ የምናስበው ምንድን ነው? መድፉን የጎተተውን ሕዝብ ጉልበት ስናደንቅ ኖረናል። ከእንግዲህ አንዲት ፒስቶን በልኳ ለማውጣት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ የሚውለውንም ሠራተኛ ከታሪካችን ብንቆጥረው፣ ንጉሡ የጠየቁት ነገር ግማሹ ደረሰ ማለት ነው።