ከጋሻ ጃግሬው ትከሻ እስከ ካሶኒው ባላ

ስለ ጠመንጃ በአገራችን ብዙ ተጽፏል፤ ከተጻፈውም ይልቅ ብዙ ተፎክሯል። ማን ተኮሰው፣ ማን ማረከው፣ በየትኛው ጦር ሜዳ አጓራ የሚለውን ዜና መዋዕሉም ቀረርቶውም ጠብቀው አቆይተውልናል። ነገር ግን ጠመንጃ የሚበዛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው በመተኮስ ሳይሆን በመጓዝና በመንጠልጠል ነው። በማን ትከሻ ተጓዘ? ሌሊቱን በምን ላይ ተሰቅሎ አደረ? መስቀያውንስ ማን ጠረበው? ይህን የሚመልስ ጽሑፍ የፈለገ ሰው ብዙ ገጽ ገልጦ ጥቂት መስመር ያገኛል። የዚህ ጽሑፍ መነሻም አንዲት የእንጨት ጣውላ ናት። አንባቢ ጉዳዩ ትንሽ ነው ይል ይሆናል፤ ትንሽነቱን አልክድም።

ጣውላዋን ያየኋት በማንኩሳ ገጠር ነው። ማንኩሳ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል የምትገኝ፣ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ሁሉ ሳያያት የሚያውቃት ስፍራ ናት፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህ አገር እርሷ ናትና። እኔም ወደዚያ የሄድኩት የልቦለዱን ምድር በዓይኔ ለማየት ነበር፤ ይዤው የተመለስኩት ግን ሌላ ሆነ። በአንድ አዛውንት ገበሬ ቤት፣ ከጓዳው መግቢያ በላይ፣ በጭስ የጠቆረች የዋንዛ ጣውላ ተሰቅላለች። ርዝመቷ ሁለት ክንድ ያህል ነው። በአንድ ጠርዟ በኩል በልክ የተፈለፈሉ፣ አፋቸው በአገልግሎት ብዛት የለሰለሰ ጎድጓዶች አሉባት። ምራንና ጅራፍ ተንጠልጥለውባታል።

«አባቴ፣ ይህች ምንድን ናት?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የመኪና ባላ ናት፣ ልጄ» አሉኝ። «ያኔ ረዳት ነበርሁ።»

ባላ የሚለው ቃል በዚህ ቦታ መገኘቱ አስደነቀኝ። ባላ እንደሚታወቀው ሁለት ጣት ያወጣ እንጨት ነው፤ ጎጆ ይደግፋል፣ አጥር ያቆማል፣ ዕቃ ይሸከማል። በጎጃም ገጠር ቤት ጠመንጃው ያርፍ የነበረው ከግድግዳው ጋር በጭቃ በተተከሉ ሁለት ባላዎች ወይም የበሬ ቀንዶች ላይ ነው። አግድም ይጋደማል፤ ዝናሩ ከሰደፉ በኩል ይንጠለጠላል። ቦታው የትም አይደለም፤ ከአባወራው መደብ ራስጌ፣ ሰውየው በጨለማ እጁን ቢዘረጋ ከሚደርስበት ላይ ነው። እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነበር። ከቤት ሲወጣ ግን ጠመንጃው ሌላ ባላ ያስፈልገዋል፤ ያም ባላ በባላባቱ ዘመን ሰው ነበር።

መኳንንት በበቅሎ ሲጓዙ ጋሻቸውና ጠመንጃቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከበቅሎው ጎን በእግር በሚሮጠው ጋሻ ጃግሬ ትከሻ ላይ ይጓዝ ነበር። ለምሳሌ እኛ ውጅግራ የምንለው ግራ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1874 ሥሪት ነው፤ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ30 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱም ጥይቱን ሳይጨምር ከ4 ኪሎ ግራም በላይ ነው። አራት ኪሎ በእጅ ሲያነሱት ቀላል ነው። ቁልቁለት ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዳገት ወጥቶ ከበቅሎ እኩል ለሚደርስ እግረኛ ግን ቀላል የሚሆን አይመስለኝም። ትከሻ ከማንኛውም እንጨት የተሻለ መስቀያ መሆኑን ግን ማመን ይገባል። መሬቱ ሲያዘነብል አብሮ ያዘነብላል፤ ጠመንጃው ሲንሸራተት ይሰማዋል፤ ዝናብ ሲመጣ በጋቢው ይሸፍነዋል። የማይናገር መሆኑ ደግሞ ለጌታው ተጨማሪ ጥቅም ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ሸክም ታላቁ ምሳሌ ከጎጃም ማዶ በቤጌምድር ይገኛል። ዓፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ አሠሩ። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስወስዱት መንገዱ አስቀድሞ መኖር ነበረበትና ገደሉ እየተናደ፣ ድንጋዩ እየተፈለጠ፣ ሠረገላው በሰው ጉልበት እየተጎተተ ወራት ፈጀ። መድፉን ያሠሩትን ንጉሥ እናውቃለን። በጋፋት የሠሩትን የአውሮፓ ባለ እጆች፣ ዋልድማየርን የመሰሉትን፣ ስማቸው በመጽሐፍ ስለ ገባ እናውቃለን። ገመዱን በመዳፋቸው ይዘው አቀበቱን ካወጡት መካከል ግን አንድ ስም ጥሩ ብንባል የምንጠራው የለንም። መድፉ ዛሬም በመቅደላ አለ፤ አምሳያው በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። የጎታቾቹ አምሳያ የለም።

ወደ ማንኩሳ እንመለስ። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ጎጃም በገባ ጊዜ ካነሣሣው ቁጣ መካከል አንዱ ትጥቅ ማስፈታቱ ነበር። በ1929 እና በ1930 ዓ.ም. በላይ ዘለቀን፣ መንገሻ ጀምበሬን፣ ነጋሽ በዛብህን፣ ኃይሉ በለውን የመሰሉ አርበኞች ሲነሡ፣ አስረክብ የተባለው ጠመንጃ ከየቤቱ ግድግዳ ወርዶ ዱር ገባ ወይም ተቀበረ። አዛውንቱ ከአባታቸው የሰሙትን ሲነግሩኝ፣ አባትየው ምንሽሩን በሞራ አሽተው፣ በቆዳ ጠቅልለው ከበረት ሥር ከቀበሩ በኋላ ግድግዳው ላይ ያሉትን ባላዎች ጭምር ነቅለው ቀዳዳውን በእበት መርገውታል። ባዶ ባላ ይመሰክራልና። ይህን የሰማሁ ጊዜ ለአንድ የመድረክ ትዕይንት ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው በሰፊው ይታወቃል። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ድንበር ተሻግረው ሲገቡ፣ በዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር በቆላው በኩል ወደ ጎጃም ደጋ አቀና። መኪና የሚያሳልፍ መንገድ አልነበረምና ጠመንጃውና ጥይቱ በሺህ በሚቆጠሩ ግመሎች ተጫነ። ግመሎቹ የቆላ ፍጥረት በመሆናቸው ደጋው አልተስማማቸውም፤ አብዛኞቹ በየመንገዱ ወድቀው ቀሩ። ጦሩ በማንኩሳና በቡሬ የነበረውን የጠላት ምሽግ ካስጨነቀ በኋላ የኢጣልያ ጦር በየካቲት መጨረሻ ቡሬን ለቆ ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ዊንጌትን የማያነሣ የዚህ ዘመቻ መጽሐፍ የለም፤ የግመል ነጂዎቹ ዝርዝር ግን በአንዱም ውስጥ አላጋጠመኝም።

ጠላት ሄደ፤ የጭነት መኪናና ቋንቋው ቀሩ። ሾፌሩ የሚቀመጥበት ጋቢና፣ ጭነቱ የሚያርፍበት ካሶኒ፣ የካሶኒው ጎን ስፖንዳ፣ ከሥር የሚሸከመው ብረት ባሌስትራ ተባለ፤ ሁሉም የኢጣልያ ቃል ነው። ከደብረ ማርቆስ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ የሚደርሰው መንገድ በርበሬና እህል የሚያወርድ የንግድ መንገድ ሆነ። ሽፍታም ነበረበት። ስለዚህ ነጋዴው ጠመንጃውን ቤቱ ትቶ አይወጣም፤ ጋሻ ጃግሬ የሚያስከትል ጌታም አይደለም። ከኬሻው ላይ ይወጣል፤ ጠመንጃውን ከጎኑ ያጋድማል።

ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። ካሶኒ እንደ ትከሻ አይደለም፤ መኪናው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር የተጋደመው ጠመንጃ ይዘላል። አፈሙዙ ከብረት ይጋጫል፣ ማነጣጠሪያው ይጣመማል፣ አቧራው መዝጊያው ውስጥ ገብቶ ይጋግራል፣ ሰደፉ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሽፍታን በመፍራት ጥይት ጎርሶ የሚጓዝ መሆኑ ነው። አንድ ቀን፣ አዛውንቱ እንደነገሩኝ፣ በኬሻዎች መካከል የተኛ አንድ ጠመንጃ መኪናው ሲያዘነብል ተንሸራተተ፤ ቃታው በጭነት ገመድ ተያዘ፤ ባረቀ። ጥይቱ አንድ ኬሻ በርበሬ በስቶ ስፖንዳውን ሰብሮ ወጣ። ከኬሻው ጀርባ የ16 ዓመቱ ረዳት ተኝቶ ነበር። «የበርበሬው ብናኝ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስጮህ የቆሰልሁ መሰላቸው» አሉኝ፤ አሁንም ሲናገሩ ዓይናቸውን በእጃቸው ጀርባ ያሻሉ።

ጣውላዋ የተሠራችው ከዚያ በኋላ ነው። አሠራሯን በጣታቸው አሳዩኝ፤ እኔም እንደገባኝ እጽፋለሁ። ዋንዛ የተመረጠው ቀላል ስለሆነና ቶሎ ስለማይሰነጠቅ ነው። ጣውላዋ ከጋቢናው ጀርባ፣ በካሶኒው የፊት ግድግዳ ላይ፣ በቁም ሰው ደረት ከፍታ ታሰረች፤ መኪና አነስተኛ መንገጫገጭ የሚሰማው በዚያ በኩል ነውና። አፈሙዝ ወደ ላይ ሆኖ በርሜሉ በጎድጓዱ ያርፋል። ከሥር ሌላ ወፍራም እንጨት ተጋድሞ ሰደፉ የሚቀመጥበት ጉድጓድ ተበጅቶለታል። ጎድጓዶቹ ሁሉ ፀጉሩ ሳይላጭ በቀረ የበግ አጎዛ ተለብደዋል፤ ብረት ከእንጨት እንዳይፋጅ። ከጎድጓዱ አፍ በላይ ጠፍር ይጠመጠማል። የበለጠ ብልሃት ያለው ግን ጣውላዋ የታሰረችበት መንገድ ነው። በመጀመሪያ በምስማር መትተዋት ነበር፤ መንገዱ በሳምንት ውስጥ ምስማሩን ነቅሎ ጣለው። በኋላ በእርጥብ ጠፍር አሰሯት። እርጥብ ጠፍር ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የታሰረበትንም ነገር አንቆ ይይዛል። ገበሬው አልጋውን የሚጠፍርበት ጥበብ ከካሶኒው ላይ ወጣ ማለት ነው። ሁለቱን ጫፎች ደግሞ ከተሰበረ ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ቆልማማ ብረት ደገፋቸው። ጠመንጃ የሚሰቅል ሁሉ መጀመሪያ ጥይቱን ማውጣት፣ አፈሙዙንም በጨርቅ መወተፍ ግዴታው ሆነ።

የመኪናው ቃላት የኢጣልያ ናቸው ብያለሁ። የመስቀያው ቃላት ግን ባላ፣ ጠፍር፣ አጎዛ፣ ዋንዛ ናቸው።

ማን እንደሠራት ጠየቅኳቸው። አዛውንቱ የመኪናውን ባለቤት ስም ያስታውሳሉ። የሾፌሩን ያስታውሳሉ። የአራቱን ነጋዴዎች ስም ከነጠመንጃቸው ዓይነት ቆጠሩልኝ፤ ሁለት ምንሽር፣ አንድ ቤልጅግ፣ አንድ አሮጌ ውጅግራ። ጣውላዋን የጠረበውን፣ ብረቱን የቀጠቀጠውንና ጠፍሩን ያለፋውን ሲጠየቁ ግን «አንድ ቀጥቃጭ ነበር፤ ፋቂም ነበር» ብለው ዝም አሉ። ቆይተውም «ስማቸውን ማን ጠርቷቸው!» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

ይህ የእርሳቸው ጥፋት ብቻ አይደለም። ዓፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ይታወቃል። ከአዋጁ በኋላም ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ቡዳ እያለ፣ ማረሻውን ግን ይዞ የሚሄደው ገበሬም ጌታም ብዙ ነበር። የጠመንጃም ነገር እንደዚሁ ነው። የተሰነጠቀ ሰደፍ የሚጠግነው፣ ዝናር የሚሰፋው፣ የላላ ብረት የሚያጠብቀው እጅ ከሌለ ከባሕር ማዶ የመጣው ጠመንጃ ሁሉ ጥቂት ክረምት አልፎት ዱላ ይሆን ነበር። ያም እጅ ከድግሱ ቤት ውጭ፣ ለብቻው ተቀምጦ ይበላ ነበር። አርበኛውን በግጥም ያነሣን ሁላችን፣ እኔን ጨምሮ፣ በዚህ ረገድ ዕዳ አለብን።

የጣውላዋ አገልግሎት ያበቃው በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የጎጃምን ገበሬ ለአመፅ ሲያነሣሣ፣ የመንግሥት ጦር በምድር፣ የጦር አውሮፕላንም በሰማይ ዘመቱበት። በዚያ ወቅት በካሶኒ ላይ ተደርድሮ የሚታይ ጠመንጃ ባለቤቱን አመፀኛ ያሰኛል። የመኪናው ባለቤት ባላው ይነሣ አለ። ጠፍሩ በቢላዋ ተቆረጠ፤ ቆልማማው ብረት ወደ ቀጥቃጩ ተመልሶ ማረሻ ሆነ፤ ጣውላዋን ረዳቱ ወደ አባቱ ቤት ወሰዳት።

ከመሰናበቴ በፊት ልለካት ፈቃድ ጠየቅሁ። ምራኑንና ጅራፉን አንድ በአንድ አንሥተው አወረዱልኝ። በጎድጓዶቹ መካከል ያለው ርቀት አንድ ስንዝር ነው። በጭሱ ምክንያት ከሩቅ አልታየኝም እንጂ በስተግራ ጫፍ አምስተኛ ጎድጓድ አለ፤ ጥልቀቱ ከአንድ ጣት አይበልጥም፤ ተጀምሮ የተተወ ነው።

«የአምስተኛው ነጋዴ ነበር?» አልኳቸው።

«የለም፤ የኔ ነበር» አሉ። «ቀጥቃጩ ነው በራሱ የጀመረልኝ። በኋላ ጠመንጃ የለህም ብለው አስተዉት።»

ጣውላዋን መልሰው ሰቀሏት፤ ምራኑንም በቦታው አደረጉ።