ፊደላችንና የኮምፒዩተር ብራውዘር

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ይህ ጸሐፊ በልጅነቱ ኮልፌ ቀራንዮ ከሚገኝ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የአማርኛ ገጽ ሲከፍት ያየው ግን የላቲን ፊደላት ትርምስ ነበር።

ኮምፒዩተሩ አልተበላሸም። ፎንት የሚባለው የፊደል ቅርጽ መያዣ በዚያን ዘመን የነበረው ቦታ ቢበዛ 256 ሲሆን፣ የእኛ ፊደል ከነአኃዙና ከነሥርዓተ ነጥቡ ከ300 ይበልጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሶፍትዌር አዘጋጅ ፊደላቱን በላቲኑ ቦታ ላይ እንደየፈቃዱ ደለደላቸው፤ ለሁለት ፎንት የከፈላቸውም አለ። አንባቢው የገጹን ፎንት አግኝቶ ካልጫነ፣ አንዳንዴም የብራውዘሩን የፎንት ምርጫ በእጁ ካላስተካከለ፣ ማንበብ አይችልም ነበር። በሰዓት በሚከፈልበት የሰው ኮምፒዩተር ላይ ይህን ማን ይፈቅድለታል?

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለእያንዳንዱ ፊደላችን ቋሚ ቁጥር ሰጠ። ፍሬው ለተራው ተጠቃሚ የደረሰው ግን ዘግይቶ ነው፤ ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2007 ነበር።

በቀድሞዎቹ ፎንቶች የተጻፉት ገጾች ዛሬም ሲከፈቱ ያው ትርምስ ናቸው። ወደ ዩኒኮድ ለመመለስ የየፎንቱ ድልድል መታወቅ አለበት። ከአባሎቻችን መካከል የዚያን ዘመን ፎንት የያዘ ዲስኬት በመሳቢያው ያስቀመጠ ቢኖር፣ እባክዎን አይጣሉት።