የደቡብ አፍሪቃ የዓለም ዋንጫ፤ ትርፉና ዕዳው

ድግስ የደገሰ ሰው ምን ያህል እንግዳ እንዳስተናገደ የሚያውቀው በዕለቱ ነው፤ ምን ያህል እንዳወጣ የሚያውቀው ግን ድንኳኑ ከተነቀለና አበዳሪው በር ካንኳኳ በኋላ ነው። ታላቅ የእግር ኳስ ውድድር የሚያስተናግድ አገርም የሚገጥመው ከዚህ የተለየ አይደለም። ከሰኔ 4 እስከ ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) በደቡብ አፍሪቃ የተካሄደው 19ኛው የዓለም ዋንጫ በአፍሪቃ ምድር የመጀመሪያው ከመሆኑም በላይ፣ ይህንኑ ጉዳይ በአኃዝ ለመመርመር የሚያስችል ታሪክ ትቶ አልፏል።

ደቡብ አፍሪቃ የአስተናጋጅነቱን ዕድል ያገኘችው ግንቦት 7 ቀን 1996 ዓ.ም. ዙሪክ ላይ በተሰጠው ድምፅ ሞሮኮን 14 ለ10 አሸንፋ ነው። አገሪቱ ከአፓርታይድ አገዛዝ ከተላቀቀች ገና ዐሥር ዓመቷ ነበር። በሕግ ተለያይቶ እንዲኖር የተገደደው ሕዝብ በአንድ ሜዳ ዙሪያ እንዲሰበሰብ፣ ሥራ አጡም ሥራ እንዲያገኝ ታስቦ ስለ ነበር፣ ውድድሩ እንደ ጨዋታ ብቻ ሳይሆን እንደ አንድ ታላቅ የልማት ዕቅድ ታየ።

ለ64 ግጥሚያዎች በዘጠኝ ከተሞች ዐሥር ስታዲየሞች ተዘጋጁ። ከእነዚህም ውስጥ በኬፕታውን፣ በደርባን፣ በፖርት ኤልዛቤጥ፣ በፖሎክዋኔና በኔልስፕሩት የሚገኙት አምስቱ አዲስ ሲሠሩ፣ የቀሩት አምስቱ ታድሰው ወይም ተስፋፍተው ቀረቡ። ሥራው በተጋጋለበት ጊዜ፣ ሐምሌ 1 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ 70,000 ያህል የግንባታ ሠራተኞች የደመወዝ ጭማሪ በመጠየቅ ሥራ አቆሙ። የጠየቁት 13 በመቶ ሲሆን፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ በ12 በመቶ ተስማምተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የመክፈቻው ቀን ሊራዘም የማይችል መሆኑ ለሠራተኛው የመደራደር ኀይል ሰጥቶት ነበር። ሆኖም በዚህ ዓይነት ግንባታ የሚገኘው የሥራ ዕድል ግንባታው ሲፈጸም አብሮ የሚያበቃ ነው።

ከወጪው ውስጥ ዘላቂ ጥቅም ያስገኘው የትኛው እንደ ሆነ ለመለየት፣ እያንዳንዱ ሥራ ከውድድሩ ውጭ ዓላማ ነበረው ወይ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። በሰዓት እስከ 160 ኪሎ ሜትር የሚሮጠው ጋውትሬን የተባለው ባቡር ዋንጫው ለደቡብ አፍሪቃ ከመሰጠቱ አስቀድሞ የታቀደ ነበር። ከጆሃንስበርግ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሳንድተን የሚደርሰው ክፍሉ ሰኔ 1 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ማለትም ውድድሩ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሥራ ጀመረ። ሬያ ቫያ የተባለውና ለብቻው በተከለለ መንገድ የሚጓዘው የጆሃንስበርግ አውቶቡስ ነሐሴ 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲጀምር፣ የደርባን አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ደግሞ ሚያዝያ 23 ቀን 2002 ዓ.ም. ተከፈተ። ውድድሩ እነዚህን ሥራዎች አፋጠነ እንጂ አልወለዳቸውም፤ ስለዚህም እንግዳው ከሄደ በኋላ ባለቤት አላጡም።

የአዳዲሶቹ ስታዲየሞች ዕጣ ግን ሌላ ነበር። በደርባን ከ3 ቢሊዮን ራንድ በላይ የፈሰሰበትና ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ቅስት የተሸከመው ሞሰስ ማቢዳ ስታዲየም በምሕንድስና ጥበቡ የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ በአጠገቡ 50,000 ያህል ተመልካች የሚይዝ የራግቢ ስታዲየም አስቀድሞ ቆሞ ስለ ነበር፣ የከተማይቱ ታላቅ የራግቢ ቡድን ነባር ቤቱን ትቶ ወደ አዲሱ አልገባም። በኬፕታውንም የዘር አገዛዝ ከነጭ ሰፈሮች ያፈናቀላቸው ቤተሰቦች በሰፈሩበት ሜዳማ አካባቢ የሚገኘውን የአትሎን ስታዲየም ማስፋፋት እንደ አማራጭ ተጠንቶ ነበር። የተመረጠው ግን ከባሕሩ ዳር ያለው ግሪን ፖይንት ነው። ከ4 ቢሊዮን ራንድ በላይ የወጣበትን ይህን ስታዲየም ለማስተዳደር የተዋዋለው ድርጅት ውድድሩ ባለቀ በጥቂት ወራት ውስጥ ውሉን ትቶ ሲወጣ፣ የእንክብካቤው ወጪ በከተማው አስተዳደር ትከሻ ላይ ወደቀ። የከተማይቱ የራግቢ ቡድን ወደዚያ የተዛወረው ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም. ነበር። በኔልስፕሩት ደግሞ አራት ግጥሚያ ብቻ ላስተናገደው ስታዲየም ሲባል ሁለት ትምህርት ቤቶች ከቦታቸው ተነሥተው፣ ተማሪዎቹ በጊዜያዊ ክፍሎች እንዲማሩ በመደረጉ ወላጆችና ልጆች ተቃውሞ አሰምተዋል።

በገቢው በኩል የተገኘው ውጤት ከተስፋው ያነሰ ነበር። አማካሪዎች በመጀመሪያ 483,000 የውጭ እንግዶች እንደሚመጡ ገምተው፣ ውድድሩ ሲቃረብ ግምቱን ወደ 373,000 ዝቅ አደረጉት። የአገሪቱ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት በኋላ እንዳስታወቀው፣ በዋነኛነት ለውድድሩ ሲሉ የመጡት 309,554 ሲሆኑ፣ ያወጡትም ገንዘብ 3.64 ቢሊዮን ራንድ ነው። ይህ ገንዘብ በሙሉ ለአንድ ሥራ ቢውል እንኳ የኬፕታውንን ስታዲየም ብቻውን ባላስጨረሰ ነበር። የቴሌቪዥንና የማስታወቂያ መብት ሽያጭ ያስገኘው ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነ ገቢ የፊፋ ሲሆን፣ መንግሥትም ለፊፋ የግብር ነጻነት ሰጥቶ ነበር። በስታዲየሞቹ ዙሪያ በተከለለው ቀጠና ውስጥ መነገድ የሚችሉት የተፈቀደላቸው ብቻ ስለ ነበሩ፣ በየመንገዱ ምግብና መጠጥ የሚቸረችሩ ሰዎች ገበያው ደጃቸው ድረስ መጥቶ ሳለ ከዳር ቆመው ለማየት ተገደዱ።

ለምሕንድስና ሙያ ባለቤቶች ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። የደቡብ አፍሪቃ የንግድ ውድድር ኮሚሽን ባደረገው ምርመራ፣ ታላላቅ የሥራ ተቋራጮች ከጨረታው በፊት እየተገናኙ ሥራውን እንደተከፋፈሉና ዋጋ እንደተስማሙ አረጋገጠ፤ የዓለም ዋንጫው ስታዲየሞችም ከእነዚህ ሥራዎች መካከል ነበሩ። በሰኔ ወር 2005 ዓ.ም. 15 የግንባታ ኩባንያዎች በጠቅላላው 1.46 ቢሊዮን ራንድ ቅጣት ለመክፈል ተስማሙ። ቀኑ የማይራዘም፣ ገንዘቡ የሕዝብ፣ ተጫራቹም ጥቂት በሆነበት ሁኔታ ዋጋን የሚገታው የባለሙያው ኅሊናና የተቆጣጣሪው ንቃት ብቻ ነው። ሁለቱ በላሉበት ቦታ ኮንክሪቱ ምንም ያህል ቢጠነክር ሥራው እንከን አያጣም።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ በገንዘብ የማይለካው ትርፍ አይዘነጋም። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስታዲየም ለዋንጫው በመያዙ፣ ብሉ ቡልስ የተባለው የራግቢ ቡድን የግማሽ ፍጻሜና የፍጻሜ ጨዋታውን በሶዌቶ አደረገ። ቀድሞ ወደ ሶዌቶ እግራቸውን አንሥተው የማያውቁ ብዙ ነጮች በዚያ ሰፈር ጎዳናዎች ከነዋሪው ጋር አብረው ሲጨፍሩ ታዩ። በመክፈቻው ዕለት ሲፊዌ ሻባላላ በሜክሲኮ ላይ የመጀመሪያውን ጎል ሲያስቆጥር የተሰማው የቩቩዜላ ድምፅ የመላ አኅጉሩ ደስታ ነበር።

ደስታው ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በውጭ አገር ተወላጆች ላይ በተነሣው ጥቃት 62 ሰዎች ሞተው ነበርና፣ ዋንጫው ሲያበቃ ጥቃቱ ይደገማል የሚል ወሬ በየመንደሩ ተናፈሰ። በጥቁሮች መንደሮች ትናንሽ ሱቅ ከፍተው ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች የፍጻሜው ፊሽካ የሥጋት ደወል ሆነባቸው። የአንድ ወር አንድነት ለዘመናት የቆየውን የድህነት ቁስል እንደማይሽር ይህ በቂ ምስክር ነው።

ኢትዮጵያም የአፍሪቃን ዋንጫ በ1954፣ በ1960 እና በ1968 ዓ.ም. አስተናግዳለች። በ1954 ዓ.ም. የቀረቡት አራት ቡድኖች ብቻ ስለ ነበሩ፣ ግጥሚያው ሁሉ አዲስ አበባ ላይ ተካሂዶ ዋንጫው በአገር ቀረ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ግን የተካፋዮቹ ቁጥር 24 ደርሷል። እንግዲህ ወደፊት እንዲህ ያለ ድግስ ሲታሰብ፣ የመጀመሪያው ንድፍ ከመነሣቱ በፊት መሐንዲሱ ሊጠይቅ የሚገባው ስታዲየሙ በመክፈቻው ዕለት ስንት ሰው እንደሚይዝ ብቻ አይደለም። ከመዝጊያው ማግስት ጀምሮ በሩን የሚከፍተው ማን እንደ ሆነ፣ የመብራቱንና የሣሩንም ወጪ የሚችለው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል። መልስ ካጣም፣ ይህንኑ ለአሠሪው በግልጽ መንገር የሙያው ግዴታ ነው።