እምነት በዋግ ኽምራ

በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ የዋግ ኽምራ ወረዳዎች እምነት የሚባለው ሁለት ነገር ነው፤ የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ተቀብሎ መጽናት፣ እንዲሁም ለእግዚአብሔር፣ ለቅዱሳንና ለጎረቤት የገቡትን ቃል መፈጸም። የመጀመሪያው በመጻሕፍት በሰፊው ተጽፏል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በአምስቱ አዕማደ ምሥጢር፣ ማለትም በሥላሴ፣ በሥጋዌ፣ በጥምቀት፣ በቁርባንና በትንሣኤ ሙታን ታስተምራለች፤ በየቅዳሴው የሚደገመው ጸሎተ ሃይማኖትም መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ325 የተደረገው የኒቅያ ጉባኤ ነው። ሁለተኛው ግን በስለት፣ በማኅበር፣ በጾምና በምህላ የሚኖር ነው፤ የዋግን ሰው ሃይማኖት ማወቅ የፈለገ ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

ሰቆጣ በአማራ ክልል የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ዞኑ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 426,213 ነዋሪ ነበረው፤ እጅግ የሚበዛው የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ሲሆን ሙስሊሞችም አሉ። የአካባቢው አገው ኽምጣኛ ይናገራል። ስለዚህ አንድ ምእመን ቅዳሴውን በግዕዝ ይሰማል፣ ስብከቱን ብዙ ጊዜ በአማርኛ ይከታተላል፣ ልጁን ደግሞ በኽምጣኛ ይመርቃል።

የአገሩ ባላባቶች ዋግ ሹም እየተባሉ ለዘመናት ገዝተዋል፤ ዘራቸውንም ትውፊት ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥረዋል። በሰቆጣ አቅራቢያ የሚገኘው፣ ከአለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የእነዚህን ሹማምንት አስከሬን ይዟል። ከዚሁ ቤት የወጡት ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ዳግማዊ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከአፄ ቴዎድሮስ በኋላ ለጥቂት ዓመታት ነግሠዋል።

በዕለት ኑሮ የእምነት ዋናው መገለጫ ስለት ነው። ልጅ የተመኘች፣ ከብቱ የታመመበት ወይም ልጁ አገር ጥሎ የሄደበት ሰው ለታቦቱ ይሳላል። የተሳለው ነገር ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጃንጥላ፣ መጋረጃ ወይም ፍየል ሊሆን ይችላል፤ ቁም ነገሩ ከዋጋው ይልቅ መድረሱ ላይ ነው። ልመናው የሰመረለት ሰው በንግሥ ዕለት ስለቱን በሕዝብ ፊት ያስገባል፤ ያላስገባ ደግሞ ዕዳ እንዳለበት ያውቃል፣ ሌላ መከራ ቢመጣበትም መጀመሪያ የሚያስበው ያንን ያልከፈለውን ስለት ነው። ይህን ከፈጣሪ ጋር የሚደረግ ንግድ ነው የሚሉ አሉ። አይመስለኝም፤ የሚሳለው ሰው እጁ ባዶ ሳለ ነው ቃሉን የሚሰጠው፣ ሲሞላለትም ማንም አያስገድደውም።

ማኅበርም እንዲሁ ነው። በየወሩ በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፣ በ27 የመድኃኔ ዓለም እየተባለ አባላቱ በተራ ይደግሳሉ፤ ካህኑ ጸልዮ ባርኮ ጽዋው ይዞራል። የተጣላ ሰው ሳይታረቅ ጽዋ መጠጣት አይገባውም፤ ስለዚህ ማኅበሩ ሽምግልናም ነው። የንስሐ አባት ኑዛዜ ይሰማል፣ ቤት ጠበል ይረጫል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ ሲሞቱም ለፍትሐት ይቆማል።

ዋግ ዝናብ የሚያጥርበት አገር ነው። ክረምቱ ዘግይቶ ከገባ ወይም ቀድሞ ከወጣ ማሽላውም ጤፉም ይቀራል፤ በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ክፉኛ ከተጎዱት የሰሜን ወሎ አውራጃዎች አንዱ ዋግ ነበር። ሰማዩ ሲጨክን ምህላ ይያዛል፤ ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ተሰብስቦ፣ ሰግዶ፣ በእግዚኦታ ምሕረት ይለምናል። ድርቁን የኃጢአት ቅጣት አድርጎ የሚያየው ብዙ ነው። ሆኖም ይህ እምነት ሰውን እጁን አጣጥፎ ያስቀምጠዋል ማለት ስሕተት ነው፤ ምህላ የቆመው ገበሬ እርከን ይሠራል፣ ዝናብ ይመጣል ብሎም በደረቅ መሬት ዘሩን ይበትናል።

እምነት በጥርጣሬ መካከል እንዴት እንደሚጸና የሚነገርበት ወቅት ግን ፍልሰታ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እመቤታችን ስታርግ ያገኛት ቶማስ ነው፤ የመግነዟን ጨርቅም ምስክር እንዲሆን ተቀበለ። ሌሎቹ ሐዋርያት መቃብሯን ከፍተው ባጧት ጊዜ ያየውን ነገራቸው፣ ጨርቁንም አሳያቸው። በዓመቱ እነርሱም ትንሣኤዋን ለማየት ሽተው ከነሐሴ 1 ጀምሮ ጾሙ፣ በ16ም አዩ። ቀድሞ የጌታን ትንሣኤ ተጠራጥሮ የነበረው ቶማስ እዚህ የሌሎች ምስክር ሆኖ መቆሙ እጅግ ያስደንቀኛል።

ጾሙ የሚፈታበት ነሐሴ 16 በሰቆጣ የሻደይ መጀመሪያ ነው። ልጃገረዶች ሻደይ የተባለውን ረጅም ለምለም ሣር በወገባቸው ያስራሉ፣ ከበሮ እየመቱ መጀመሪያ ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያም በየቤቱ እየዞሩ ይጫወታሉ። በላስታ አሸንድዬ፣ በቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ የሚባሉት በዓላት የቅርብ ዘመዶቹ ናቸው። አንዳንዶች ለምለሙን ሣር ርግብ ለኖኅ ካመጣችለት ቅጠል ጋር፣ ሌሎች ከእመቤታችን ዕርገት ጋር ያያይዙታል። ዛሬ በዓሉ በአደባባይና በመድረክ ስለሚከበር ጭፈራው ጎልቶ ይታያል፤ ከጀርባው ያለው የ15 ቀን ጾም ቢረሳ ግን ሻደይ ግማሹን ያጣል።

ጾም ሌላም ክብደት አለው። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይታቀባል። ከ7 ዓመት በታች ያለ ሕፃን የመጾም ግዴታ የለበትም። ችግሩ ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ እናት ድስቱና ማንኪያው እንዳይነካካ ስትጠነቀቅ ለሕፃኑም የፍስክ ምግብ ሳታዘጋጅ ትቀራለች። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ያወጀው ቃል ኪዳን የሰቆጣን ስም ይዟል። በሕፃን አመጋገብ ጉዳይ ግን ከጤና ባለሙያው ይልቅ የንስሐ አባቱ ቃል ቤት ይገባል፤ ካህኑ የሕፃኑ ድስት ለብቻው ቢሆን ጾሙ አይፈርስም ሲላት እናቲቱ ለልጇ ወተቱን ታፈላለች።